ፕሮሴኮ ስሙን በሕግ አጠረ፤ ጠጃችንስ?

ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ የሚወጣ መንገደኛ በአንዱ ሰፈር ላይ ሁለት ስም ተደርቦ ያገኛል። አራዳ የሚለው ስም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ከነበረው ከጥንቱ ገበያ ጋር የኖረ ነው፤ ፒያሳ የሚለው ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የጣልያን ወረራ የተረፈ ነው። ወራሪው ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ አዛውሮ፣ በራሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት የሆነውን ቃል ለአራዳ አወረሰው። ድልድዩ የሚጠራባቸው ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልም ከጣልያን ጋር የነበራቸው ጉዳይ ሁለት መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1889 የዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ጣልያን አገር ዘልቀዋል፤ በ1895 መጨረሻ ደግሞ አምባላጌ ላይ ጦር አሰልፈው ወግተውታል። በሁለቱ መካከል የገባው ጠብ፣ እንደሚታወቀው፣ ከውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ የመጣ ነው፤ አንዱ ግሥ በአማርኛው የፈቃድ፣ በጣልያንኛው የግዴታ ሆኖ ተጽፎ ነበርና። ለአንድ ቃል ትርጉም ደም የፈሰሰበት አገር ልጆች በመሆናችን፣ ከዚህ ቀጥሎ የማወሳውን ነገር፣ ይኸውም የአንድ መጠጥ ስም የማን ነው የሚለውን ክርክር፣ የማኅበራችን አባላት እንደ ቀልድ እንደማያዩት አምናለሁ።

የጣልያን ወይን ወደ ምድራችን የገባው ከጣልያን ጦር እጅግ ቀድሞ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አንድ ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ነጋዴ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከጣልያን የሚመጣ ጥቂት ወይን እንደነበረ ይቆጥራል። ጥቂት መሆኑ አያስደንቅም፤ ማር የሞላበት አገር ከባሕር ማዶ ብዙ መጠጥ የሚያስጭንበት ምክንያት የለውም። በ1520ዎቹ እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በየሄደበት የቀረበለት የማር ጠጅ እንደነበረ ጽፏል። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ፈረንጅ ጠጅን «የማር ወይን» እያለ ሲተረጉም፣ እኛ ወይኑን «የወይን ጠጅ» እንለዋለን፤ በእኛ ዘንድ ዋናው ዘር ጠጅ ሲሆን ወይን ከዝርያዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው የዘቢብ ጭማቂ፣ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዋሽ ስም የሚታወቀው የአዲስ አበባ ወይን፣ በቅርቡም የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ተክሎ በ2014 ለገበያ ያወጣው ወይን ሁሉ የሚጠሩት በዚሁ ስያሜ ነው። አረፋ የሚያወጣውን ወይን ግን የከተማችን ሰው ከየትም ይምጣ ከየት «ሻምፓኝ» ይለዋል፤ ሻምፓኝ የአንድ የፈረንሳይ አውራጃ ስም መሆኑንና ያለ ፈቃድ መለጠፉ በብዙ አገር እንደሚያስከስስ የሠርግ ቤቱ አያስታውስም።

ፕሮሴኮም እንዲሁ በመጀመሪያ የመንደር ስም ነው። መንደሩ በሰሜን ምሥራቅ ጣልያን፣ ከትሪየስቴ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ወይኑ ግን የገነነው ከዚያ ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው በሚገኙት በኮኔልያኖና በቫልዶቢያዴኔ ኮረብታዎች ነው። በዚያ አካባቢ አንቶኒዮ ካርፔኔ የተባለ የወይን ሊቅ በ1868 የወይን ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1876 ደግሞ በኮኔልያኖ የወይን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። የስሙ ሕግ ከመውጣቱ ወደ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ትምህርት ቤቱ ነበረ፤ ደንብ ለማውጣት የሚያበቃ እውቀት በቅድሚያ በዚያ ተከማችቷል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚጥመው ግን የታንኩ ታሪክ ነው። በሻምፓኝ አሠራር ወይኑ ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው በየጠርሙሱ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ ማዞር፣ አንገቱን ማቀዝቀዝ፣ አተላውን ማስወጣት የሰው ጉልበትና ብዙ ወራት ይጠይቃል። ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በአስቲ ከተማ የወይን ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ሳለ፣ ጠርሙሱን በአንድ ትልቅ ዝግ ታንክ መተካት እንደሚቻል አሳይቶ በ1895 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህ እንግዲህ ያገሩ ጦር አምባላጌ ላይ በተመታበት ዓመት መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ዩጂን ሻርማ በ1907 መሣሪያውን አሻሻለው፤ ከዚያ ወዲህ ዘዴው በሁለቱም ስም ይጠራል።

የአሠራሩ ሂሳብ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ 4 ግራም ያህል ስኳር በዝግ ዕቃ ሲፈላ፣ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል፤ 5 ባር የፈለገ ወይን ጠማቂ እንግዲህ በየሊትሩ 20 ግራም ይጨምራል። ታንኩ ግፊቱን የሚችል ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሆኖ ሙቀቱ ዝቅ ተደርጎ ይጠበቃል። እርሾው ስኳሩን ሲጨርስ፣ ወይም ጠማቂው በወሰነው ጊዜ፣ ወይኑ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዝና መፍላቱ ይቆማል፤ ከዚያም ግፊቱ ሳይለቀቅ ተጣርቶ ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል። ግሌራ የተባለው የፕሮሴኮ ወይን ፍሬ ለስለስ ያለ የፍራፍሬና የአበባ ሽታ አለው፤ በአተላ ላይ ብዙ ዓመት ቢተኛ ይህ ሽታ ይሞታል። ታንኩ ሥራውን ቢያረክሰውም ለዚህ ፍሬ የሚስማማው እርሱ ነው፤ ርካሽ የሆነው ዘዴ የተሻለውም የሆነበት፣ በእኛ ሙያ አዘውትሮ የማይገጥም ነገር ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። የኮኔልያኖና የቫልዶቢያዴኔ ወይን በ1969 የተቆጣጠረ የትውልድ ስም ተሰጠው። ይሁን እንጂ አጥሩ ቀዳዳ ነበረበት፤ ፕሮሴኮ የቦታው ብቻ ሳይሆን የፍሬውም ስም ስለነበረ ማንም በየትም አገር ፍሬውን ተክሎ በስሙ ሊሸጥ ይችል ነበር። በ2006 በኦስትሪያ አንድ ነጋዴ መጠጡን በቆርቆሮ ጣሳ ለገበያ ሲያወጣው ቁጣው ተቀጣጠለ። በ2009 የወጣው ማሻሻያ መላው የሚያስደንቅ ነበር። ፍሬው ፕሮሴኮ መባሉ ቀርቶ ግሌራ በሚለው አሮጌ ስሙ እንዲጠራ ተደረገ፤ የምርቱ ክልልም እስከ ትሪየስቴ ተዘርግቶ የፕሮሴኮን መንደር በውስጡ አካተተ። ስሙ ከፍሬው ተነቅሎ ወደ መሬቱ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያየው ነገሩ ጥቂት ብልጠት አለበት፤ መንደሩ ለወይኑ ዝና ያዋጣው ነገር ከስሙ በቀር ብዙም አልነበረምና። አውስትራሊያውያን ገበሬዎችም ይህንኑ እያነሡ፣ ፕሮሴኮ የፍሬ ስም ነው ብለው ሲከራከሩ ቆይተዋል።

ዛሬ ሰፊው የፕሮሴኮ ክልል በቬኔቶና በፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁሊያ የሚገኙ 9 ክፍለ ሀገሮችን ይይዛል። ከወይኑ ቢያንስ 85 በመቶ ግሌራ መሆን አለበት፤ የቀረው 15 በመቶ በደንቡ ከተዘረዘሩ ፍሬዎች ብቻ ይመጣል። ከአንድ ሄክታር የሚለቀመው ከ18 ቶን አይበልጥም። በኮረብታዎቹ ባለው የላቀ ደረጃ ወሰኑ ወደ 13.5 ቶን ይወርዳል፤ 107 ሄክታር ብቻ በሆነችው በካርቲትሴ ኮረብታ ደግሞ 12 ቶን ነው። አረፋማው ዓይነት በታንክ ውስጥ ቢያንስ 30 ቀን መቆየት አለበት፤ በ2020 የተፈቀደው ቀይ ዳማ ፕሮሴኮ 60 ቀን ይቆያል። ግፊቱም ዓይነቱን ይለያል፤ ከ3 ባር በላይ የሆነው ስፑማንቴ፣ ከ1 እስከ 2.5 ባር ያለው ፍሪትሳንቴ፣ አረፋ የሌለው ትራንኵዊሎ ይባላል። ከነአተላው በጠርሙስ የሚሸጥ የገበሬ ዓይነትም አለ፤ እንደ ጉሽ ጠላ ደፍረስ ያለ ሲሆን፣ ታንኩ ሳይመጣ የአገሩ ሰው ይጠጣው የነበረው ይኸው ነው ይባላል።

በጣዕም ስያሜ ረገድ ግን ጣልያኖቹ አንባቢን የሚያሳስት ነገር ወርሰዋል። በየሊትሩ ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ያለው ብሩት ይባላል፤ ከ12 እስከ 17 ግራም ያለው «ኤክስትራ ድራይ»፤ ከ17 እስከ 32 ግራም ያለው «ድራይ»። ድራይ ማለት ደረቅ ነው። በጣም ደረቅ የተባለው እንግዲህ መካከለኛ ጣፋጭ፣ ደረቅ የተባለው ደግሞ ይበልጥ ጣፋጭ ሆኖ ይገኛል። ስያሜው የመጣው ሰው እጅግ ጣፋጭ ወይን ይወድ ከነበረበት ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ምላስ ሲለወጥ ቃሉ ሳይለወጥ ቀረ። በዚህ ነገር የእኛ ጠጅ ቤት ከጣልያን ሕግ ይልቅ የቀና ነው። ለስላሳ የተባለ ጠጅ ለስላሳ ነው፤ ደረቅ የተባለም ደረቅ ነው፤ በመሐል ያለውም መካከለኛ ነው። የጎደለው ቁጥሩ ነው፤ የአንዱ ቤት ደረቅ በሌላው ቤት መካከለኛ ቢሆን የሚዳኝ የለም።

ይህ ማለት ጠጅ ደንብ አልነበረውም ማለት አይደለም። ማር በጉንዶ እየተሰፈረ ለቤተ መንግሥትና ለባለ ጉልት በግብር ይገባ ነበር። በግቢው ጠጅ ቤቱ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ጣይዋና አሳላፊው በየማዕረጋቸው ተሹመው ይሠሩ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. በእንጦጦ ማርያም በዓል ያደረጉት ግብር እስከ ዛሬ የሚወሳው ከምግቡ እኩል በጠጁ ብዛት ነው። ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የባላገር መጠጥ ሆኖ ረጅም ዘመን ኖሯል። ነገር ግን ደንቡ ያረፈው በጠጪው ላይ ነበር፤ ማን ይጠጣ፣ በማን ፊት ይጠጣ፣ በምን ዕቃ ይቀዳለት የሚለው ነገር ሁሉ ተወስኖ ሳለ፣ በጋኑ ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ለጣይዋ እጅ ተትቷል። አዲስ አበባ ስታድግና ጠጅ ከግቢ ወጥቶ በገንዘብ የሚሸጥ ሲሆን፣ በአራዳና በደጃች ውቤ ሰፈር የጠጅ ቤቶች ሲበዙ፣ የማዕረጉ ደንብ ፈረሰ። የአሠራር ደንብ ግን በቦታው አልተተካም።

አሠራሩ ግን በሴቶቻችን እጅ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ለማየት ሂደቱን በሙያ ዓይን መከታተል ይበቃል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራም ይታጠናል፤ ይህ ማለት ዕቃውን ከማይፈለግ ሕዋስ ማጽዳትና ሽታ መስጠት ነው። ማርና ውሃ እንደ ቤቱ ልማድ ከአንድ ለሁለት እስከ አንድ ለአምስት ይበረዛል። ብዙ ጣዮች ከነሰፈፉ ያለውን ያልተጣራ ማር ይመርጣሉ፤ እርሾው ከእርሱ ጋር አብሮ ይመጣልና። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ሰፈፉ ከላይ ይገፈፋል። ከዚያም ጌሾው ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶለት አብሮ ይፈላና ይጨመራል፤ መራራነቱን የሚሰጠውና የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች የሚገታው እርሱ ነው። በቆላ በአምስት ቀን፣ በደጋ እስከ ሃያ ቀን ድረስ ቆይቶ በጨርቅ ተጣርቶ ይቀዳል። ብርሌ ውስጥ የምናያት ቀጭን አረፋ ጋኑ ግፊት ስለማይይዝ የተረፈች የዚያው ጋዝ ቅሪት ናት። በባር ብትለካ ከፍሪትሳንቴ በታች እንደምትሆን አያጠራጥርም።

ቁጥሩ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአሥር ጠጅ ጣዮች በተለያየ ጊዜ የተሰበሰቡ 200 ናሙናዎች ተመርምረው፣ አማካዩ የአልኮል መጠን ወደ 10 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ የየናሙናው ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ ተራርቆ ተገኝቷል። የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤችም ከ3.07 እስከ 4.90 ደርሷል። እንግዲህ በአንድ ስም የሚሸጠው አንዱ ብርሌ ከቢራ የቀለለ፣ ሌላው ከማንኛውም የወይን ጠጅ የከበደ ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ ማጣሪያ የሚሠራ ባልደረባችን እንዲህ ያለ መራራቅ ቢያይ ዕቃው ተሰብሯል ይል ነበር። ጠጪው ግን «ዛሬ ጠጁ ከበደኝ» ብሎ ያልፋል።

መራራቁ ከጣይዋ ስንፍና የመጣ አይደለም። ማር ውድ ነው፤ ስኳር ርካሽ ነው። ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. የስኳር ፋብሪካ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ማንኛዋም ጣይ የማሯን ግማሽ በስኳር ለመተካት የሚያስችል ዕቃ በየሱቁ አላት፤ ቀለሙ ሲነጣም ቢጫ ማቅለሚያ ይጨመርበታል። በማር ብቻ የምትጥለው ሴት ዋጋዋ ከጎረቤቷ ይበልጣል፤ ገዢው ልዩነቱን የሚያይበት ምልክት ከሌለው ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ እርሷም ወይ ትዘጋለች ወይ ስኳር ትጨምራለች። ሕግ በሌለበት ሐቀኛው ቅጣት ይከፍላል፤ የፕሮሴኮ ገበሬዎችም በቆርቆሮ ጣሳው የተቆጡት ለዚሁ ነው።

ስኳሩ ግን የማይታይ ነገር አይደለም። የሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚወስድበት መንገድ ማር ከሚቀሰምባቸው አበቦች መንገድ ይለያል፤ ከዚህም የተነሣ ከባዱ ካርቦን 13 በሁለቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ይለያያል። በተለመደው የላቦራቶሪ መለኪያ የአበባ ማር ከመነሻው በሺህ 25 ገደማ ዝቅ ሲል፣ የአገዳ ስኳር የሚወርደው 11 ያህል ብቻ ነው። እርሾው ሁለቱንም አልኮል ቢያደርጋቸው እንኳ አሻራው ከአልኮሉ ጋር ይቀራል። በዓለም ላይ የማር ማጭበርበር የሚያዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለጠጅም ያው ይሠራል። እንግዲህ «በማር ብቻ የተጣለ» የሚል ጽሑፍ ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ቃል ነው።

በአጥሩ አሠራር ላይ ግን ከጣልያን ይልቅ ፖላንድ ታስተምረናለች። ጠጅ ስሙ የአንድ መንደር አይደለም፤ ከጎንደር እስከ ካፋ፣ ከትግራይ እስከ ሐረር የሁሉ ነው። ስለዚህ እንደ ፕሮሴኮ በካርታ ላይ ክልል አስምሮ መጠበቅ አያመችም። የፖላንድ የማር መጠጦች ግን በ2008 በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገቡት በቦታ ሳይሆን በአሠራር ነው፤ ሕጉ ባህላዊ ተብሎ የተረጋገጠ ምርትን የሚጠብቅ ሦስተኛ መደብ አለውና። ስማቸውም ከብርዙ ልክ የወጣ ነው። ፑውቶራክ ለአንድ እጅ ማር ግማሽ እጅ ውሃ ነው፤ ድቩይኛክ አንድ ለአንድ፣ ትሩይኛክ አንድ ለሁለት፣ ችቩርኛክ አንድ ለሦስት። ማሩ በበዛ መጠን የማስቀመጫው ጊዜ ይረዝማል፤ የመጨረሻው ዘጠኝ ወር ሲበቃው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ይተኛል። የእኛ ጣዮች «አንድ ለሦስት ነው የጣልኩት» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ቋንቋ ነው። ልዩነቱ የፖላንዱ በጽሑፍ ሰፍሮ በሕግ መታሰሩ ነው።

ስምን የመጠበቅ ትግል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ መንግሥት ባመለከተ ጊዜ ክርክር ተነሥቶ፣ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ለጤፍ ዱቄት አሠራር በኔዘርላንድ የተሰጠው የፈጠራ መብትም በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል፤ ለዚያ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት። በዚህ ላይ ጠጅ ከአገር ወጥቷል። በአሜሪካ በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በጠጅ ስም የሚቀርበው ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ወይን ጠማቂዎች የተዘጋጀ ነው፤ ጌሾ ያልነካውም ይገኝበታል። ጌሾ የሌለበት የማር መጠጥ ጠጅ ነውን? እኔ ብርዝ ከረሞ ሰከረ እላለሁ እንጂ ጠጅ አልለውም። ይሁንና የምጠቅሰው ጽሑፍ የለኝም፤ ባለ ፋብሪካው ግን ማስታወቂያ አለው።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ለማኅበራት የጋራ ምልክት ቦታ ሰጥቷል። ጠጅ ጣዮች በማኅበር ተደራጅተው፣ በማር ብቻ፣ በጌሾ፣ በዚህና በዚህ ልክ የሚል ደንብ ጽፈው ምልክቱን ቢያስመዘግቡ ከነገ ጀምሮ የሚቻል ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የጠበቃን ያህል የመሐንዲስ እጅ ነው፤ የፕሮሴኮን ደንብ ስናነብ ከግማሽ የሚበልጠው ቶን፣ ባር፣ ግራምና ቀን ነውና።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው በከተማው ዳርቻ ተበትኗል። ቤቱን ፎቶግራፍ አንሥተው ያስቀሩ አሉ፤ የጋኑን ልክ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። አንዲት ጣይ አርባ ዓመት የለመደችውን ውሃ፣ ጋን፣ የማር ነጋዴና ደንበኛ ትታ ወደ ሌላ ሰፈር ስትሄድ፣ ጠጁ ተመሳሳይ ሆኖ እንዲወጣ ከፈለገች ሁሉን እንደ አዲስ መለማመድ አለባት፤ ልጇ በሙያው ካልተተካች ደግሞ ልኩ ከእርሷ ጋር ይቀራል። በሙያችን ያለ ሰው በአንድ ቅዳሜ ከአንዲት ጣይ አጠገብ ተቀምጦ ሊመዘግበው የሚችለው ይኸን ነው፤ የማሩ ክብደት በኪሎ፣ የውሃው መጠን በሊትር፣ የጌሾው ክብደት ከመፍላቱ በፊትና በኋላ፣ የጋኑ ሙቀት ጧትና ማታ፣ ሰፈፉ የተገፈፈበት ቀን፣ ጌሾው የወጣበት ቀን፣ በመጨረሻም ጣይዋ ቀምሳ «ደርሷል» ያለችበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት በመለኪያው ላይ የቀረው ስኳር።